አፈሬን ወሰዳችሁ፤ ምን አለ?
(በዱርቤቴ ለመምህራንና ለተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



 ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ በመራዊ አልፎ፣ ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን ተሻግሮ እዚህ የሚደርስ መንገደኛ ጣናን ወደ ኋላው የተወው ይመስለዋል። ነገር ግን በዚህ አገር የሚዘንበው ዝናብ ብዙው በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል። ሲሄድም ባዶውን አይሄድም፤ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ባሕር ስለ ሆነ ደለል ፈጥኖ ይጎዳዋል። ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙት የባርባስ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ሽቅብ ወደ ወንዞቹ ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ፤ ጠጠሩን ደለል ሲያለብሰው እንቁላሉ አየር ያጣል። ከማሳ የሚታጠበውም ማዳበሪያ ለእምቦጭ ምግብ ይሆናል። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ስንት ድካም እንዳስከተለ ሁላችን እናውቃለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ልከዋል። ሆኖም ምግቡ ከላይ እየወረደለት አረሙ ተመልሶ መብቀሉ አይቀርም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ በዘንዘልማ ባለው የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅና በዓባይ ውኃ ኢንስቲትዩት፣ የአፈር መሸርሸር፣ የውኃና የእምቦጭ ነገር ሲጠና ቆይቷል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው።

ዳሩ ግን ዕውቀት በሐይቅ ዳር መቀመጡ ብቻ ሐይቁን አያድንም። በሐረርጌ የሐሮማያ ሐይቅ ከታወቀው የእርሻ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ጎረቤት ነበረ። ደለሉ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ የሚቀዳው ውኃ፣ ለጫትና ለአትክልት የሚሳበውም ውኃ ተባብረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አደረቁት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው መመለስ መጀመሩ ደስ ያሰኛል፤ ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባም።

እኛም ጥፋታችንን እንናገር። ጥናት ለመጻፍ ወደ ባላገር እንወጣለን፤ ገበሬውን ከሥራው አስፈትተን እንጠይቃለን፤ አፈሩን በከረጢት ቋጥረን እንሄዳለን። ማዕረጉን ካገኘን በኋላ ግን ውጤቱን ተመልሰን አንነግርም። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ አፈሬን ወሰዳችሁ፤ ምን አለ?» ቢሉን ምን እንመልሳለን?

ነገሩ ቀላል አይደለም። ዝናብ በሚበዛበት በምዕራብ ጎጃም አፈሩ በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ ሆኗል። ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ የሚገባውን ያህል አይጠቅመውም። ሰብሉ ሲሳሳ መሬቱ ይራቆታል፤ የተራቆተውንም ጎርፍ ይወስደዋል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ መጠኑ ግን አፈሩ ሳይመረመር አይታወቅም። ቤተ ሙከራው በዩኒቨርሲቲው ነው፤ ማሳው እዚህ ነው፤ በመካከል የቆማችሁት እናንተ ተመራቂዎች ናችሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ በዚህ ወረዳ የተደረገ ጥናት ሁሉ በአንድ ገጽ፣ ገበሬው በሚሰማው አማርኛ ተጽፎ ወደ ቀበሌው ይመለስ፤ ይህን ሥራ እኛ ተማሪዎች እንሸከማለን። ሁለተኛ፣ ተመራቂዎች በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ ስለ ቦረቦሩ፣ ስለ እርከኑና ስለ ምንጩ ያያችሁትን ለመምህራኖቻችሁ ጻፉ። የተሠራው ብቻ ሳይሆን የፈረሰውም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የተመራቂዎች ኅብረት ለግብዣና ለትዝታ ብቻ አይሰብሰብ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ ተፋሰስ ላይ ተገናኝቶ ሥራውን ይመልከት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በየወረዳው ብቻውን የቀረ ተመራቂ ሸክሙ ይከብደዋል፤ ከመምህሩና ከጓደኛው ጋር የተሳሰረ ግን ይችለዋል። እኛም ነገ ተመርቀን ስንወጣ ከዚሁ ሸክም ድርሻችንን ለመውሰድ በፊታችሁ ቃል እንገባለን። ለሽማግሌውም መልስ ይዘን እንመለሳለን።