ከኪቱ ሣጥን እስከ ግቢው ቧንቧ፦ የኤሌክትሮኒክስ ሙከራ በዓለም ባንክ ሰፈር



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ርእስ የጀማሪ ኪቶች ለምህንድስና ትምህርት ያላቸውን ፋይዳ የሚመለከት ነበር። ስለ ፋይዳቸው ብቻ ብናገር የማውቀውን ግማሹን መደበቅ ስለሚሆንብኝ፣ አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ርእሱን ለወጥ አድርጌዋለሁ። ፋኩልቲያችን የመጀመሪያ ዓመት ቤተ ሙከራን በጀት በኪት ላይ ያውል ወይስ በሌላ መሣሪያ እያለ በሚከራከርበት በዚህ ወቅት፣ አንድ ወገን ይዤ ከመከራከር ይልቅ ያየሁትን መናገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ወገን አልያዝሁም ግን አልልም፤ ወደ ንግግሬ መጨረሻ ይታወቅብኛል።

ያየሁት በዓለም ባንክ ነው። ሰፈሩን የማታውቁት ብትኖሩ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና አለፍ ብሎ የሚገኝ የከተማችን ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። እዚያ ከጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎችና ለሰፈሩ ወጣቶች ክፍት አድርገናታል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ቦታ ሜከርስፔስ ይሉታል። እኛ ጋ ስም የላትም፤ ተማሪዎቹ «ቤቷ» ይሏታል። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥንና ስምንት ኪቶች አሏት። ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ሰው እየተገናኘ የሚሠራበት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል በሚል እምነት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከዚህ ሁሉ እጅግ ቀድሞ የተጣለውን ዕቃ እየፈታ፣ እያስተካከለና እየገጠመ ለሌላ አገልግሎት ሲያውል ኖሯል። ልዩነቱ ምናለሽ ተራን ማንም ቤተ ሙከራ ብሎ ጠርቶት አለማወቁ ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልግባ። በተለምዶ ጀማሪ ኪት የሚባለው በእጅ መዳፍ የሚያህል አንድ የአርዱዊኖ ሰሌዳ፣ ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ኤልኢዲዎች፣ አዝራሮች፣ ድምፅ ማሰሚያ፣ ርቀት የሚለካ ሴንሰርና አንዲት አነስተኛ ሞተር ይይዛል። አርዱዊኖ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በተባለች ከተማ በሚገኝ የዲዛይን ተቋም ነው። መሠረቱን የጣለለት በዚያው ተቋም ሄርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ ተማሪ ለማስተርስ ማሟያ የሠራው ዋይሪንግ የተሰኘ ሥራ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ሳይሆኑ የዲዛይን ተማሪዎች ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኪቱ የተሠራው ኤሌክትሮኒክስን ማወቅ ለማይፈልግ፣ ነገር ግን በኤሌክትሮኒክስ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ኪት ኤሌክትሮኒክስን ማወቅ ግዴታው ለሆነ ተማሪ እንሰጠዋለን። ጥያቄው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁልጊዜ የደስታ ቀን ነው። ተማሪው ሰሌዳውን ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኛል፣ ጥቂት መስመር ኮድ ይጭናል፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። (እውነቱን ለመናገር ይህ የሚሆነው አንድ ሰዓት ከባከነ በኋላ ነው። በእጃችን ያሉት ሰሌዳዎች ርካሽ ቅጂዎች በመሆናቸው ኮምፒዩተሩ እንዲያውቃቸው የተለየ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ቅጂ መሆናቸው ነውር አይደለም፤ የአርዱዊኖ ንድፍ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የተከለከለው በስሙ መነገድ ነው።) ያን ቀን ሁሉም መሐንዲስ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኤልኢዲዋን ከሰሌዳው ውጭ በብሬድቦርድ ላይ እንዲያበሩ እጠይቃለሁ። በክፍል ውስጥ የኦምን ሕግ ፈተና በሚገባ ያለፈ ተማሪ ኤልኢዲዋን ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ሲሰካ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብጠይቀው ከ5 ቮልት ላይ ኤልኢዲዋ የምትወስደውን 2 ቮልት ቀንሶ፣ የቀረውን 3 ቮልት ለ220 ኦም አካፍሎ፣ 14 ሚሊ አምፔር ገደማ ብሎ ይመልሳል። ዕውቀቱ አለው። ዕውቀቱና እጁ ግን አልተዋወቁም። የአንዲት ፒን ጤናማ አቅም 20 ሚሊ አምፔር ያህል መሆኑን፣ ከ40 ካለፈ ቺፑ ሊጎዳ እንደሚችል ሲያውቅ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ መፍራት ይጀምራል።

ስለዚህ ፍርሃት ጥቂት ልቆይ። ያደግነው ዕቃ ተቆልፎበት በሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። ውድ መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ነውና «አትንካው» ይባላል፤ ሳይነካም ያረጃል። እኔ ራሴ በተማርሁበት ዘመን ኦሲሎስኮፕን ያወቅሁት በመስታወት በር ውስጥ ነው። ተማሪዎቻችን ኪቱን ሲቀበሉ ያንኑ ፍርሃት ይዘው ነው የሚመጡት፤ መመሪያው ላይ ካለው ሥዕል አንዲት ሽቦ እንኳ ማዛነፍ አይደፍሩም። ስለዚህ ከስምንቱ ሰሌዳዎች ሁለቱን ለይተን «ለመቃጠል» የሚል ጽሑፍ ለጠፍንባቸው። አንዱ በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ በእሱ ላይ የተሠራው ስሕተት ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ከስሕተቶቹ ሁሉ የምወድደው የተንሳፋፊዋን ፒን ነው። ተማሪው አዝራር ይሰካል፤ አዝራሩ ሲጫን መብራት እንዲበራ ያዝዛል። ነገር ግን አዝራሩ ሳይነካ መብራቷ በራሷ ትበራለች፣ ትጠፋለች። እጁን ሲያስጠጋ ይብሳል። አንድ ጊዜ ከኋላ የነበረ ልጅ «ጠበል ያስፈልገዋል» ብሎ ክፍሉን አስቋል። ፒኗ ከአምስት ቮልትም ከመሬትም ጋር ስላልታሰረች በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ እንደ አንቴና ትለቅማለች፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን የ50 ኸርዝ መብራት ሳይቀር። አንዲት የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከመሬት ጋር ስታስራት ዝም ትላለች። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ይረሳዋል፤ ሰሌዳው ለእጁ ሲደነግጥ ያየ ግን አይረሳውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን የተሰጣት የልምምድ ሥራ ርቀት በሚለካው ሴንሰር የሮቶ ውሃ መጠን መለካት ነበር። ሴንሰሩ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፣ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። በደንብ ሠራችው። ከክፍሉ መካከል «ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር የድምፅ ፍጥነት ይቀንሳል ወይ?» የሚል መልካም ጥያቄም ተነሣ። ከፍታው በራሱ አይቀንሰውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው፤ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.6 ሜትር በሰከንድ ያህል። ሁላችንም ረካን። እርሷ ግን አልረካችም።

«መምህር፣ እኛ ቤት ሮቶ የለም» አለችኝ።

የምትኖረው እዚያው ዓለም ባንክ፣ ብዙ ተከራዮች በአንድ ቧንቧ በሚጠቀሙበት ግቢ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው፤ ሰዓቱም አይታወቅም። እናቷ ቧንቧውን ከፍተው ይተኛሉ፤ በእንቅልፋቸው መካከል እየተነሡ ይሰማሉ። ውሃው ከመድረሱ በፊት አየሩ ሲያፏጭ መንቃት አለባቸው፤ ካልነቁ ጀሪካኖቹ ባዶ ያድራሉ፣ ውሃውም በከንቱ ይፈስሳል። የእርሷ ጥያቄ «ውሃው ምን ያህል ሞላ?» ሳይሆን «ውሃው መጣ ወይ?» ነበር። በኪቱ መመሪያ ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም።

የመጀመሪያ ሙከራዋ ቀላል ነበር። ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ከቧንቧው ሥር ባለች ጣሳ ውስጥ ገቡ፤ ውሃ ሲነካቸው ፒኗ ታውቃለች፣ ድምፅ ይሰማል። በጠረጴዛችን ላይ ግሩም ሆኖ ሠራ። በግቢው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ አንደኛው ሽቦ አረንጓዴ ሆኖ ተበላ። በጣሳዋ ሥር በቀረው ውሃ ውስጥ ከረንቱ ሌት ተቀን በአንድ አቅጣጫ ያልፍ ስለነበር፣ በኬሚስትሪ ክፍል ኤሌክትሮሊሲስ ብለን ያስተማርናት ነገር ሽቦውን በላው። ሽቦውን በማይዝግ ብረት ብሎን ተካችው፤ ቮልቴጁም በየሁለት ሰከንዱ ለቅጽበት ብቻ እንዲላክ ኮዱን አስተካከለች፤ ከጣሳዋም ሥር ቀዳዳ በስታ ውሃው እንዳይጠራቀም አደረገች።

ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ውሃ የሚመጣበት ሌሊትና መብራት የሚጠፋበት ሌሊት አንድ ላይ መግጠማቸው በሰፈራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሌዳውን ከስልክ ፓወር ባንክ ጋር አገናኘችው። ጥቂት ቆይቶ ፓወር ባንኩ ራሱን አጠፋ። መብራት ሳይመለስ ደጋግማ አስነሣችው፤ ደጋግሞ ጠፋ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ሰሌዳው የሚስበው 50 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ብዙ ፓወር ባንኮች ግን ከረንቱ እንዲህ ሲያንስ ስልኩ ሞልቷል ብለው ያጠፋሉ። ሰሌዳው ከአቅሙ በታች በመሥራቱ ተቀጣ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የእኔ ሐሳብ ተጨማሪ ከረንት የሚያባክን ሬዚስተር ማስገባት ነበር። ተናግሬዋለሁና አልሸሽገውም፤ መጥፎ ሐሳብ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከአየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግኑ አንድ አባት ነው። ተማሪዋ ብሎን ፍለጋ ሄዳ ሥዕሏን አሳየቻቸው። እርሳቸውም አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ኮምፒዩተር ውሃ መጣ ለማለት ነው?» አሏት። ከአሮጌ ሬዲዮ አንዲት ትራንዚስተር ነቅለው፣ እግሮቿን በቴስተር እየነኩ 0.6 ቮልት ገደማ ሲያነብብ ጤነኛ መሆኗን አሳይተው ሰጧት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳውን አነሣነው። የቀረው አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንዲት ትራንዚስተር፣ ለጥንቃቄ አንዲት ሬዚስተር፣ ድምፅ ማሰሚያውና ሁለቱ ብሎኖች ነበሩ። ውሃ በብሎኖቹ መካከል ሲገባ ተቃውሞው 100 ኪሎ ኦም እንኳ ቢሆን 80 ማይክሮ አምፔር ያህል ወደ ትራንዚስተሯ ይገባል፤ እርሷ ሁለት መቶ እጥፍ ብታደርገው 16 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ድምፅ ማሰሚያው ይጮኻል። ውሃ ከሌለ የሚፈስ ከረንት ከምንም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ባትሪው በመጠበቅ አያልቅም፤ ብሎኑም በመጠበቅ አይበላም። ለሁለት ወር በኮድ ስንታገላቸው የነበሩት ችግሮች አብዛኞቹ ከሰሌዳው ጋር አብረው ተነሡ።

አንድ የማከብራቸው የሥራ ባልደረባዬ ይህን ታሪክ ስነግራቸው «እንግዲያውስ ኪቱ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም» አሉኝ። በዚህ አልስማማም። ተማሪዋ ትራንዚስተርን በአንደኛ ዓመት ተምራ ነበር፤ ፈተናም አልፋለች። ያን ዕለት ግን ትራንዚስተሯ የሠራችውን ከሰሌዳው ሥራ ጋር ማነጻጸር ቻለች፤ ሰሌዳው ምን ያህል እንደሚበላና ምን እንደማያስፈልገው በገዛ ድካሟ ታውቅ ነበርና። ኪቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚናገር ናሙና ሰጣት፤ ናሙናው እናቷ ዘንድ ገብቶ ወደቀ፤ ከወደቀበት ምክንያት ነው የተማረችው። ባልደረባዬ ትክክል የሚሆኑት ኪቱ ከጠረጴዛው ሳይነሣ፣ መብራቷ ብልጭ ባለች ቀን ትምህርቱ አለቀ ሲባል ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ቦታ እንዲያ መሆኑ ነው።

ስለዚህ በበጀቱ ላይ ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልናገር። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኪት መግዛት አያስፈልገንም፤ ለሦስት አንድ ይበቃል። በተረፈው ገንዘብ መልቲሜትርና በብዛት የሚገኙ ልቅ ዕቃዎች ይገዙ፤ ሬዚስተር፣ ትራንዚስተር፣ ሽቦ። መልቲሜትር የሌለው ተማሪ ስሕተቱን በግምት ነው የሚፈልገው። ዕቃውም ወደ ቤት ይሂድ። የሚጠፋ ይጠፋል፤ እኛ ጋ እስካሁን የጠፋው ሁለት ሴንሰርና አንዲት ሞተር ነው። መንገድ ዳር ለሚጠግኑት ባለሙያም በወር አንድ ቀን አበል የምንከፍልበት ደንብ ይፈለግ። ለቃለ ጉባኤ እንግዳ መምህር የሚለው መደብ ዲግሪ ይጠይቃል ተብያለሁ፤ ደንቡን የምታውቁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል። የክፍሉ ሰዓትም በሴት ተማሪዎቻችን ይወሰን። ቅዳሜ ከሰዓት ያልነው ከመምሸቱ በፊት ታክሲ ተሰልፈው ቤት መግባት ስላለባቸው ነው። ቀድሞ ማታ በነበረ ጊዜ ከአሥራ አራቱ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ።

መሣሪያዋ ዛሬም በግቢው አለች፤ ተለውጣለች እንጂ። ሕፃን ያላቸው ጎረቤት ስለ ድምፁ አቤቱታ በማቅረባቸው ድምፅ ማሰሚያው ከቧንቧው ተነሥቶ በረጅም ሽቦ ወደ እናቷ ራስጌ ገብቷል። በዚህም ሌላ ክርክር ተነሥቷል፤ ውሃ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቀው አንድ ቤት ብቻ ሆነ ይላሉ ተከራዮቹ። ተማሪዋ አሁን በየቤቱ አንዲት ትንሽ መብራት ለማድረስ እየሞከረች ነው፤ ሽቦው ሲረዝም የሚጠፋውን ቮልቴጅ በማስላት ላይ ናት።

ሁለቱን «ለመቃጠል» ሰሌዳዎች፣ የሞተውንና ያለውን፣ እንዲሁም የተበላውን የመዳብ ሽቦ ይዤ መጥቻለሁ፤ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መንካት ይቻላል። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።