የመጀመሪያው ጨው



የሂሳብ ክፍሉ ሪፖርት ከመነበቡ በፊት ስለ አንዲት ሳይንቲስት እንድንናገር ፍቀዱልን። ነገሩ ባለፈው ስብሰባ ካከራከረን ወጪ፣ ለተማሪ ልጆች ከምንከፍለው የቤት ኪራይ ጋር ይገናኛል።

ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በ1966 በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 ወታደሮች አባትየውን በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። ቤተሰቡ ተሰዶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገጠር ገባ። ሶስና ኤም አይ ቲ ተምረው በ1992 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ካልቴክ ለዓመታት አስተምረው ከ2015 ጀምሮ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ይሠራሉ።

ምን ይሠራሉ? ማግኔትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጆች ከተሰበረ ሬዲዮ አውጥተው ሚስማር የሚያስይዙት ነው። ማግኔት ሰሜንና ደቡብ ጫፍ እንዳለው፣ አንዳንድ ክሪስታሎች በአንድ ወገን ፖዘቲቭ በሌላው ኔጋቲቭ ሆነው ይቆያሉ፤ በኤሌክትሪክ ኃይልም ይገለበጣሉ። ፌሮኤሌክትሪክ ይባላሉ። ሲዚየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት የሚባል ጨው ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ሲቀዘቅዝ ከነዚህ አንዱ ነው። በጣም ሲሞቅ ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል፤ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን እንደ ልቡ መዘዋወር ይጀምራል።

ፕሮፌሰር ሶስና እንዲህ ዓይነት ጨው ለፉዩል ሴል ይሆናል አሉ። ፉዩል ሴል ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ፣ ያለ ነበልባል፣ መብራት የሚሰጥ መሣሪያ ነው። የሚወጣው ውኃ ነው። ችግሩም እዚያው ነው፦ ጨዉን ውኃ ያሟሟዋል! መልሳቸው ከ100 ዲግሪ በላይ አሙቆ ማሠራት ሆነ፤ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ጨዉም አይሟሟም። (እኛ ደባርቅ ላይ ውኃው 100 ሳይደርስ ስለሚፈላ ባቄላችን አልበስል እያለ ያስቸግረናል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት የመጀመሪያውን አሳዩ። ሠራ፤ ግን አልቆየም። ያ ጨው ድኝ ያለበት ስለነበር ሃይድሮጅኑ እያበላሸው ሄደ። በ2004 ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ፎስፌቱ ጨው ዞሩ። እሱ ደግሞ ሲሞቅ እየደረቀ የሚፈርስ ነው፤ እንፋሎት በልክ እየሰጡ አቆዩት።

አሁን ወደ ኪራዩ። ልጆቻችን ከገጠር ቀበሌ ወጥተው ደባርቅና ዳባት ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው እየመጡ ነው የሚማሩት። በእኛ 2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽ ውጤት ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህል ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከእኛም ያላለፉ አሉ። «ለወደቀች ልጅ ኪራይ ከመክፈል በግ እናደልብበት» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። እውነቱን ለመናገር እኛም ደግፈነው ነበር። በግ ለበዓል ይሸጣል፤ ትርፉ ወዲያው መዝገብ ላይ ይታያል።

«የእሳቸው አባት ሊቅ ነበሩ፣ የኛ ልጆች አባት ገበሬ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ስለዚህም ነው ልጅቷን ቤት ያለ መጽሐፍና ያለ መብራት መልሰን «በግል ተፈተኚ» ማለት የከበደን። ገብስ ስታጭድ ውላ፣ ማታ ወፍጮና እንጨት እየጠበቃት፣ መቼ ታጠናለች?

ስለዚህ ላላለፉት አንድ ዓመት ኪራይ እንዲጨመር እንጠይቃለን። በጉ ለከርሞ ይቆይ ማለታችን ነው፤ ይህ ገቢያችንን እንደሚቀንስ አንደብቅም። ሁለቱም አማራጭ በየሂሳቡ ገጽ 2 ላይ ተቀምጧል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች አሁን ጮክ ብለን እናነባለን፤ ከዚያ እጅ ይወጣል።