እፉኝት ስትወልድ ትሞታለችን?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)




እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ፣ እሷም ትሞታለች እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ይሰማል። ነገሩ እውነት አይደለም። እናቲቱ በሰላም ወልዳ ትሄዳለች፤ በሌላ ጊዜም ደግማ ልትወልድ ትችላለች። ይህን ማወቅ ለገበሬው ትልቅ ጥቅም አለው።

እባቦች ዘራቸውን የሚተኩት በሁለት መንገድ ነው። አብዛኞቹ እንቁላል ይጥላሉ። ቅርፊቱ እንደ ዶሮ እንቁላል ጠንካራ ሳይሆን እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው። እናቲቱ ሙቀትና እርጥበት ያለበትን ስፍራ፣ ለምሳሌ የኩይሳ ጉድጓድ፣ የበሰበሰ ገለባ ወይም የፍግ ክምር ትመርጣለች። ከጣለች በኋላ ብዙውን ጊዜ ትታው ትሄዳለች።

ሌሎቹ ልጅ ይወልዳሉ። በኢትዮጵያም የምትገኘው አጭርና ወፍራም እፉኝት፣ ሰው ሲቀርባት ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት ተኝታ የምትተነፍሰው፣ ከእነዚህ አንዷ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ 156 የወለደች መኖሯም ተመዝግቧል። ልጆቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወለዱና ሽፋኑን ቀደው ይበታተናሉ። እናታቸው አትመግባቸውም፣ አትጠብቃቸውም። ነገር ግን ከተወለዱበት ዕለት ጀምሮ መርዝ አላቸው። ስለሆነም «ትንሽ ናት» ብሎ መናቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ዘንዶ ከዚህ ትለያለች። እንቁላሏን ከብባ ተጠምጥማ ትጠብቃለች። በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የዚያ አገር ዘንዶ ፀሐይ እየሞቀች ተመልሳ እንቁላሉን ታሞቃለች፤ ልጆቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አብራቸው ትቆያለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ ሳትበላ ትከሳለች።

በመሆኑም ገለባም ሆነ ፍግ በመንሽ እንጂ በባዶ እጅ ባይነሳ ይመረጣል። በጎተራ ዙሪያ የፈሰሰ እህል አይጥን፣ አይጥም እባብን ስለሚጠራ ስፍራውን ማጽዳት ያስፈልጋል። አይጥ የሚበላ እባብ የእህል ጠባቂ ስለሆነ በሜዳ ያገኙትን ሁሉ መግደልም ተገቢ አይደለም።

የተነደፈ ሰው ቢኖር ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም ጠብቆ አይታሰር። የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ታማሚውን በሸክም ወይም በተሽከርካሪ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም በፍጥነት ማድረስ የሁሉም ግዴታ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!