ክረምትን በመጠለያ ለሚከርሙ ሕፃናት



የክረምት ዝናብ ለገበሬ ራሕመት ነው። በመጠለያ ሕፃናት ለያዘች እናት ግን ብርቱ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ሰቆጣ አጠገብ በወለህ መጠለያ ከርመዋል። ከተከዜ ቆላ ለመጣ ሕፃን የሰቆጣ ብርድ ከባድ ነው። ሸራው ሲያፈስ መኝታው ይርሳል፤ ጎርፍ ውኃውን ሲበክለው ተቅማጥ ቀድሞ የሚጥለው ጨቅላውን ነው። ዛሬም በአገራችን በመጠለያ የሚከርሙ ሕፃናት አሉ።

«የዋግ ሰው አብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ታሪካችንን ያስታውስ። ከ1400 ዓመታት በፊት ከመካ የተሰደዱትን ሰሓቦች ያስጠለለው ነጃሺ ያን ጊዜ የክርስቲያን ንጉሥ ነበር። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብና አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ልጃቸውን ዐብደላህን የወለዱት በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ያ ሕፃን ክፉ ቀን ያለፈው ሃይማኖታቸው ሌላ በሆነ ሰዎች ጥላ ሥር ነው። ታዲያ ይህ ውለታ የለብንምን?

ስለዚህ ሰደቃችን ዝናቡን ትቅደም። በግንቦት የተሰጠ ሸራ ልጅ ያድናል፤ በነሐሴ መጨረሻ የደረሰ ግን የታመመውን አይመልስም። ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ጀሪካን እናዋጣ። ለመስከረምም ደብተርና እርሳስ እንጨምር። እናቶችም እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ያጥቡ፤ ተቅማጥ ሲጀምረው አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

አላህ የተፈናቀሉትን ሁሉ ለቀያቸው ያብቃልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።