እናቶቻችን የተዉልን ገመድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ ከሒሳብ ክፍል ስንነሳ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ቀሪ ሒሳብ እንደምንናገር ታውቃላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ግን መጋዘኑ ጥግ ስላለ ዕቃ ነው። የባልትና ክፍሉን ለማስፋት መጋዘኑ መለቀቅ አለበት። ለዚሁ ንብረት ስንቆጥር ከእህል ከረጢቱና ከሚዛኑ ኋላ 17 ገመድ፣ 9 ማጭድና 4 መጥረቢያ አገኘን። ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል መሸከም ትተው ማኅበሩን የመሠረቱ እናቶቻችን ያስቀመጡት ነው። ከባለቤቶቹ ገሚሶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀረበልን ጥያቄ አጭር ነበር፤ ይወገድ ወይስ ይቆይ?

በሒሳብ ደንብ መልሱ ቀላል ነው። ቋሚ ንብረት በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል፤ የማያገለግል ሲሆን ከመዝገብ ይሰረዛል። እነዚህ ግን ድሮም መዝገብ ውስጥ አልገቡም። ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ አይሰረዝም። ስለዚህ ውሳኔ ከመስጠታችሁ በፊት ዕቃው ምን እንደነበረ እንነጋገር ብለን ነው የቆምነው።

በአገራችን የሟች ዕቃ ክብር አለው። በድሮው ጊዜ ስመ ጥር ጦረኛ ወይም አዳኝ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው፣ ጦሩና ጠመንጃው ለቅሶው መሐል ይወጣል። አልቃሽም እያንዳንዱን እያነሳች ታሞግሰዋለች። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው በፉከራ ይወሳል፤ የአባቱን ጠመንጃ የወረሰ ልጅ ስሙንም አብሮ ይወርሳል። የጣና ዓሣ አጥማጅ ደግሞ የደንገል ታንኳው ውሃ እየጠጣ ብዙ ዕድሜ ስለሌለው፣ ለልጁ የሚተርፈው ደንገሉን የማሰር ጥበቡ ነው። እናቶቻችንም እንደ እነዚህ ሰዎች ማለዳ ወጥተው ለልጅ የሚበላ ይዘው የሚመለሱ ነበሩ። ገመዳቸው ግን ለቅሶ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

የራሳችንን ቤት እንንገራችሁ። እኛ አራት ልጆች ነን፤ እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመት አለፈ። ከአርባዋ በኋላ ዕቃዋን ስንከፋፈል ነጠላዋ፣ የአንገት መስቀሏና ምጣዷ ወዲያው ባለቤት አገኙ። ከአልጋዋ ሥር ከነበረ ማዳበሪያ ውስጥ ግን ሁለት ገመድ፣ አንድ ማጭድና ጀርባዋን የምትከልልበት የተጣጣፈ ድሪቶ ወጣ። አንደኛው ገመድ ቃጫ፣ ሌላው ናይለን ነው። ናይለኑ ሦስት ቦታ ተበጥሶ ተቀጥሏል፤ ቋጠሮዎቹ ሁሉ ትከሻ ላይ ከሚያርፈው ቦታ ርቀው ነው ያሉት። የማጭዱ እጀታ በአውራ ጣቷ ልክ ጎድጉዷል።

ታላቅ ወንድማችን “ይጣል” አለ። ምክንያት ነበረው። በልጅነቱ “የቅጠል ለቃሚ ልጅ” ሲሉት ስንት ጊዜ ተደባድቧል። ታናሻችን ደግሞ “ከዚህ ሌላ የእጇ ምልክት ያለበት ምን አለን?” አለች። ያን ቀን አልተስማማንም፤ ገመዱም እስካሁን አልተጣለም። ከሌሎች የአባላት ልጆች ጋር ስናወራ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ በየቤቱ ያለው ክርክር ይኸው ሆኖ አገኘነው።

ገመዱ የከተማችንም ታሪክ አለበት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የዙሪያዋ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። አፄ ምኒልክ በእንጨት እጦት የተነሳ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ቶሎ የሚያድገውና ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ሲተከል ከተማዋ እዚሁ ጸናች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠሉንና ጭራሮውን ከተራራው እስከ ከተማው ምጣድ ያወረደው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነሳም።

እስቲ በሙያችን እናስላው። ከእንጦጦ የሚወርድ የአንዲት ሴት ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። እኛ ዝቅ አድርገን 30 ኪሎ እንያዝ። በሳምንት 4 ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት ብትወጣ በዓመት 5,760 ኪሎ ይሆናል። በ20 ዓመት ደግሞ 115,200 ኪሎ፣ ማለትም 115 ቶን ይደርሳል። 5 ቶን የሚጭን አይሱዙ 23 ጊዜ ተመላልሶ የሚያነሳውን አንዲት እናት በጀርባዋ አወረደችው ማለት ነው። ያውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ፣ በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ። የእናታችን የሒሳብ መዝገብ የቤታችን በር መቃን ነበር። የዱቤ ደንበኞቿን በከሰል መስመር ታሰምርባቸዋለች፤ ሲከፍሉ በምራቋ ታጠፋዋለች። ደብተር የገዛችልን ከዚያ መስመር ነው።

ይህን ስንል ሥራውን ማሳመራችን አይደለም። ያ ሸክም ወገብ ያጎበጠ፣ ጉልበት የጨረሰ ሸክም ነው። ዘበኛ ሲይዛቸው መጀመሪያ የሚቀሙት ገመድና ማጭዳቸውን ነበር፤ ዕቃዋን የተቀማች እናት በማግስቱ ባዶ እጇን ናት። ጫካ ውስጥ የደረሰባቸውን ለልጆቻቸው ሳይነግሩ ያለፉም አሉ። ማኅበራችን የተቋቋመው ሌላ ሴት ያን ገመድ እንዳታነሳ ነው።

ለዚህም ነው አሳቡ ሁለት የሆነው። ያነጋገርናቸው አንዲት እናት “ይኼ ገመድ ጀርባዬን የበላ ጠላቴ ነው፤ አቃጥሉልኝ” አሉን። ሌላዋ እናት ደግሞ “ልጆቼ በምን እንዳሳደግኋቸው እንዲያውቁ ይቀመጥ” አሉ። እኛ ሁለቱም ልክ ናቸው እንላለን። ዕቃው የባለቤቷ ስለሆነ ፈቃዷም ሊከበር ይገባል። የሚያስፈራን ባለቤቷ ሳትጠየቅ፣ ስሟም ሳይያዝ ገመዱ ከቆሻሻ ጋር እንዳይወጣ ነው።

እኛ ቤት ገመዱ ባይገኝ ኖሮ የማናነሳው አንድ ነገር ነበር። እናታችን ሸክሟን የምታስረው አንዱን ጫፍ ሲስቡት በአንዴ በሚፈታ ቋጠሮ ነው። ዳገቱ ላይ ብታዳልጥ ሸክሙ እላይዋ ላይ እንዳይቀር ነበር። ታናሻችን በማኅበሩ የሽሮ ጆንያ የምታስረው ዛሬም በዚያ ቋጠሮ ነው። ከየት እንደተማረችው ያስታወስነው ገመዱን በእጃችን ስንይዝ ነው። ዕቃው ሲጠፋ እንዲህ ያለው ነገርም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ገመድ፣ ማጭድና መጥረቢያ በንብረት መዝገባችን በ1 ብር ይመዝገብ። ከጎኑም የባለቤቷ ስም፣ ስንት ዓመት እንደሠራችበትና በየትኛው መንገድ ትወርድ እንደነበር ይጻፍ። መጋዘኑ ሲለቀቅ ለዕቃው በስብሰባ አዳራሹ አንድ መደርደሪያ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በሕይወት ያሉ እናቶቻችን አሁኑኑ ይጠየቁ። ይቃጠል ያሉት ይቃጠል፤ ከዚያ በፊት ግን ለመናገር ፈቃደኛ ከሆኑ ቃላቸው ይቀረጽ። ያረፉትን በተመለከተ ልጆቻቸው ይወስኑ። ወደ ቤታችን እንውሰደው የሚሉም ፈርመው ይውሰዱ።

ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በአክብሮት የምናነሳው ነው። ለጉብኝት ስትመጡ ይህን ዕቃ በደስታ እናሳያችኋለን። እናቶቻችን ግን ለፎቶግራፍ ብለው ዳግም ሸክም አይሸከሙም። ስለ ሕይወታቸው መስማት ከፈለጋችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ ቡና እየጠጣችሁ አድምጧቸው።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ልጆቻችን ወደዚያ ተራራ ለመዝናናት ይወጣሉ። ደስ ይለናል፤ እናቶቻችን የደከሙት ልጅ ያለ ሸክም እንዲወጣና እንዲወርድ ነበርና። ሲመለሱ ግን አያታቸው ከዚያ ምን ታወርድ እንደነበር የሚነግራቸው ሰውና የሚያሳያቸው ገመድ ይኑር።

የምዝገባው ቅጽ ከሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። መጻፍ ለሚቸግራቸው እናቶች እኛ እንጽፋለን። ከነገ ጀምሮ ቢሯችን ክፍት ነው፤ ገመድ ቤታችሁ ያለም ይዛችሁ ኑ።

ያረፉትን እናቶቻችንን ነፍስ ይማርልን።