ጎንደር ከጠቡ በኋላ



ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በዐዋጅ ቢያስገድዱ አገር በደም ተለያየ፤ በ1624 ዓ.ም. የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። በ1628 ዓ.ም. ጎንደር ስትቆረቆር ያ ቁስል ገና አልጠገገም ነበር። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ደግሞ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ እስላም ቤት የተባለው ሰፈር የዚያ ውሳኔ አሻራ ነው። መሐንዲስ ነኝና በሰፈር አሠራር ውስጥ ጠብን አነባለሁ።

እኛስ? ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያስቀድሱት አጎቴ፣ በአሌክሳንድሪያ የእኅቴ ልጅ ክርስትና ሲነሣ አልተገኙም። ዕርቁ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዚሁ በዋሽንግተን ሲፈጸም ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አጎቴን ያን ጊዜ ተዋወቃቸው።