ጠፍር

አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ስለ ዐይን ቀዶ ሕክምና የማወራ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ወንበር ነው።

የእናቴ ወንድም ግምጃ ቤት ነው የሚኖረው። ዐይኑን የወሰደው ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር ነበር፤ ከአሥሩ ዐይነ ስውር ደግሞ ከአንድ በላይ የሚሆነው በትራኮማ ጠባሳ ነው። ይህን ቁጥር በቃሌ እወጣዋለሁ። አጎቴ ግን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሲፍቀው፣ በወረንጦ እየነቀለ ዓመታት ኖሮ እኔ ጋ የመጣው ጠባሳው ጠልቆ፣ ዐይኑ ደርቆ ካለቀ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም» አልኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የትራንስፖርት ሰጥቼ ሸኘሁት። ይቺን ቃል ስንቴ እንደተናገርናት እናንተው ታውቃላችሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለለቅሶ ስሄድ በረንዳው ላይ የተሰበሩ ወንበሮችና የላላ የጠፍር አልጋ ተከምረው አገኘሁ። እሱ መሬት ተቀምጦ ጠፍር ያስገባል! ያስተማረው ጎረቤት ሽማግሌ ነው፤ መጀመሪያ «ዐይን የሌለው ሰው ቢላዋ እንዴት ይይዛል?» ብለው እንቢ ብለዋቸው ነበር አሉ። ቀስ እያሉ ግን ቁርበቱን ዘፍዝፎ፣ ፀጉሩን ፍቆ፣ ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን እየቀደደ አንድ ረጅም ጠፍር ማውጣት አስለመዱት። አውራ ጣቱ ስፋቱን ይለካል፣ ቢላዋው ይከተላል። ጠፍሩ እርጥቡን ነው የሚገባው፤ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል። በደረቁ የተሠራ ሳምንት ሳይሞላው ይላላል።

ቀዳዳዎቹን በጣቱ ይቆጥራል። ምሳ ሲጠራ የደረሰበት ቀዳዳ ላይ ትንሽ እንጨት ሰክቶ ይነሣል፤ ሲመለስ እንጨቷን ይፈልጋል። ሲጨርስ ጠፍሩን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። የላላው ደንቆሮ ነው ይላል።

ቀርቀሃም ይጠግናል። አገራችን የቀርቀሃ አገር ነው፤ እንጅባራ በመኪና ያለፈ ሁሉ መንገድ ዳር የተደረደሩትን ወንበሮች ያውቃቸዋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርቀሃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ነቀዝም ይወደዋል፤ አጎቴ ይህን ገበያ ላይ አንኳኩቶ ይለያል፣ ነጋዴዎቹም አይወዱለትም።

በመጀመሪያ ሰው ሥራ የሚሰጠው በምጽዋት መልክ ነበር። ይህ ነው የሚያናድደው። አንዲት ሴት ወንበሯን ሳትወስድ ገንዘቡን ልትሰጠው ስትል «ወንበርሽን ይዘሽ ካልሄድሽ ብሩን አልቀበልም» ብሏታል።

እኔም ዛሬ ያችን ቃል ስናገር ቀጥዬ «በእጅዎ ምን ይሠራሉ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል። እንዲያውም የምልክበት ቦታ አጥቼ የማፍርበት ቀን ይበዛል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታውቁት ካለ ከምሳ በፊት ያዙኝ።

ባለፈው ክረምት ዐይኔን በነጠላ አስሬ «ልሞክር» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። በጣቱ ዳሰሰና «ሦስተኛዋን ዘለሻት» አለኝ። የሠራሁትን ሁሉ ፈትቶ ጫፉን መልሶ እጄ ላይ አኖረው።